መርየም ቃል አያጥራትም

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 1961፣ አዋሽ

ዛሬም መርየም ተናገረች፤ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከድሬዳዋ የመጣው ባቡር ለምሳ ሲቆም አንድ የትምህርት ኢንስፔክተር ወረዱ። እንደሚመጡ የነገረን የለም። ዳይሬክተራችን አቶ በላቸው ኮታቸውን እየለበሱ "መምህራን ሁሉ ወደ ጣቢያ" ብለው አስወጡን። እጄ ላይ ያለውን ጠመኔ እንኳ ሳላራግፍ ሮጥኩ። ሰውየው ከሁሉ አስቀድመው ወደ እኔ ዞሩና "አንቺ ስንተኛ ክፍል ነው የምታስተምሪው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው?" አሉኝ።

"ሦስተኛ። ደህና ናቸው።"

ይኸው ነው። ሌላ አልወጣኝም። እሳቸው ትቀጥላለች ብለው ይጠብቃሉ፤ እኔ ጫማቸውን አያለሁ። 

ከጎኔ የቆመችው መርየም ገባችበት። "ጌታዬ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው፤ ያስቸገረን ነፋሱ ነው። መስኮቱ መዝጊያ ስለሌለው ደብተራቸውን ይዞባቸው ይሄዳል። የዛሬውን የቤት ሥራ የሚሠሩት ግመሎች ናቸው" አለች። ሰውየው ሳቁ። ሁሉም ሳቀ። አቶ በላቸው ሳይቀሩ ሳቁ። ባቡሩ ሊነሳ ሲል ኢንስፔክተሩ መዝጊያ እንደሚያሠሩልን ቃል ገቡና "ይቺ ልጅ እዚህ በረሃ ምን ትሠራለች? ለትልቅ ከተማ የምትሆን ናት" አሉ።

ስለነዚያ መስኮቶች ሦስት ዓመት ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አሁን ክፍሌ ተቀምጬ ቃሉ ሁሉ ይመጣልኛል። ልጆቹ ንባብ ላይ ጎበዝ፣ ሒሳብ ላይ ደካማ መሆናቸው። አማርኛ ሳያውቁ የመጡት የአፋር ልጆች ዛሬ ከሁሉ በልጠው ማንበባቸው። ወንበር ማነሱ። ክፍል ውስጥ እንዲህ አይደለሁም፤ ትምህርቱን ማታ ጽፌ፣ ጠዋት ደግሜ ነው የምገባው። ሰው ድንገት ዞሮ "አንቺስ?" ሲለኝ ነው የምጠፋው። ቃሌ የሚመለስልኝ ሰውየው ከሄደና በሬን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

መርየምን እየረገምኩ አደርኩ።

የመጣችው በመስከረም ነው፣ ከድሬዳዋ። ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። አንድ ግቢ ውስጥ ነው የተከራየነው፤ የሷን ክፍልና የእኔን የሚለየው ጣውላ ብቻ ነው። ስታስነጥስ እሰማታለሁ። መጀመሪያ ወድጃት ነበር። አንድ ቀን አብረን ልብስ ስናጥብ ባሏ "ልጅ አልወለድሽም" ብሎ ፈቷት ወደ እናቷ ቤት እንደላካት ነገረችኝ። "ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ፤ እዚህ ማንም አያውቅም" አለችኝ። አቀፍኳት። ያን ጊዜ አሳዝናኝ ነበር።

አሁን ግን ግቢው ውስጥ ኦሮምኛውን፣ ገበያ ላይ አፋርኛውን፣ ከባቡር ሠራተኞቹ ጋር ፈረንሳይኛውን ስታቀላጥፍ ስሰማት ጥርሴን እነክሳለሁ። የፊት ጥርሷ ጠማማ ነው። ይህን መጻፌ ያሳፍራል፤ ግን ጠማማ ነው።

ምሳ የምንበላው እትዬ ሸዋዬ ምግብ ቤት ነው፤ እኔ፣ መርየምና ታደሰ። ታደሰ የጣቢያው የቴሌግራም ሠራተኛ ነው። መርየም ሳትመጣ ሁለት ዓመት ከሱ ጋር በአንድ ገበታ በልቻለሁ። ዝም ብለን ነበር የምንበላው። ዝምታው ለእኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለእሱም ደስ የሚለው ይመስለኝ ነበር። አሁን ይስቃል። እንዲህ መሳቅ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ዛሬ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። አምና ከርከሮ ክፍል ገብቶ ልጆቹ ወንበር ላይ የወጡበትን ቀን ላወራላቸው። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ተለማምጄዋለሁ። ስንቀመጥ ግን መርየምና ታደሰ ስለ እናቶቻቸው ሕመም ጀመሩ፤ የታደሰ እናት እግራቸውን ያማቸዋል። ቦታ ስጠብቅ ቆይቼ ዝም ያሉ ሲመስለኝ "አምና አንድ ከርከሮ..." አልኩ። ሁለቱም አዩኝ። ታደሰ "ከርከሮ?" አለ። ምን ላድርግ፣ ጨረስኩት። እንደተለማመድኩት፣ አንዲት ቃል ሳልዘል። መርየም ሳቀችልኝ። አዝናልኝ ነው የሳቀችው። 

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ክፍሌ ግማሹ ባዶ ነው። የጥጥ ለቀማ ደርሷል። የእርሻው ካሚዮን ሳይነጋ ገበያው አጠገብ ይቆማል፤ ሴቶቹ ይሳፈራሉ፣ ልጆቹም ይከተላሉ። ወደ መልካ ወረር በኩል ሄደው አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሰው ይመለሳሉ። አምና እንዲህ ሆነው የሄዱት ብዙዎቹ ለቀማው ሲያልቅም ወደ ክፍል አልተመለሱም። ዘንድሮ ሐሊማም ሄዳለች። ሐሊማ ከክፍሌ አንደኛ ናት፤ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ቀድማኝ የምትጨርስ ልጅ።

ከሰዓት በኋላ አቶ በላቸው ሰበሰቡን። እሑድ ካሚዮኑ ስለማይሄድ ወላጆችን እንጥራ አሉ። "ማን ይናገር?" ሲሉ ሁሉም ወደ መርየም ዞረ። እሷም ልትነሳ ነበር። አቶ በላቸው ግን "የሺ ትናገር። ሦስት ዓመት ያስተማረቻቸው እሷ ናት፤ ወላጆቹ ያውቋታል" አሉ።

ስሜ ሲጠራ መጀመሪያ ፈራሁ፣ ከዚያ ደስ አለኝ። ይሄኛው ድንገተኛ አይደለም። የምጽፍበት ጊዜ አለኝ፣ የማጠናበት ጊዜ አለኝ። መርየም ከፍቷት እንደሆነ ብዬ ፊቷን አየሁ። አልከፋትም። ቢከፋት ደስ ባለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፤ ትምህርት የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀኑን ሙሉ ጻፍኩ። "የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ" ብዬ ጀመርኩ። ዕውቀት ብርሃን ስለመሆኑ፣ የዛሬ ሕፃናት የነገይቱ ኢትዮጵያ ስለመሆናቸው። ያምራል። ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። መርየም ጣውላውን መታች።

"የሺ፣ ተዪው አቦ ወረቀቱን። ለኔ እንደምታወሪው አውሪያቸው።"

"ላንቺ መች አወራሁ?" አልኳት።

"እሱስ ልክ ነሽ" አለች። እየሳቀች ይሁን አይሁን በጣውላ አይታወቅም።

አመሻሹ ላይ በረንዳው ላይ የታደሰን ድምፅ ሰማሁ። ፀጉሬን አስተካከልኩ። በመጋረጃው ጥግ ሳይ የብርቱካን ከረጢት ይዟል፤ ከባቡር የወረደ። የቆመው መርየም በር ላይ ነው። "ሹክራን" ብላ አመሰገነችው። "አፍዋን" አላት። ታደሰ ዐረብኛ መች ተማረ? ከግቢው በር ሲገባ መጀመሪያ የሚገኘው የእኔ በር ነው። አልፎት ሄደ ማለት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ያደረግሁትን ልጻፈው።

በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ሻይ እንጠጣ ነበር። መርየም ረመዳን ስለገባ አትጠጣም፤ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ደብተር ታርማለች። አንዱ መምህር "የሺ፣ ንግግሩ ደረሰ ወይ?" አለኝ። እኔ ሳልመልስ መርየም "ደርሷል፤ ትናንት ጣውላው ሰምቶ አልቅሷል" አለች። ሁሉም ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። አሁን ሳስበው እሷም በክፋት አላለችውም።

ቃሉ ግን መጣልኝ። ሳልጠራው፣ ሳላዘጋጀው።

"ጣውላው ይሻላል" አልኳት። "አንቺ በአራት ቋንቋ እያወራሽ ባልሽን መያዝ አልቻልሽም። በየትኛው ቋንቋ ነው ወደ እናትሽ ቤት ሂጂ ያለሽ? ወይስ መካን ነሽ ለማለት ቋንቋ አላስፈለገውም?"

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። አንዲት ቃል አልተሳሳትኩም።

ሻይ የሚያማስለው ሁሉ ማንኪያውን ያዘ። መርየም አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። ደብተሮቿን ሰበሰበች፣ አንዱ ወደቀባት፣ ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ ወጣች። ማንም እኔን አላየኝም። ሻያቸውን ነበር የሚያዩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

መጀመሪያ የተሰማኝን ካልደበቅሁ፣ ደስታ ነበር። ትናንት ከዚያ ክፍል ስወጣ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ለካ እኔም እችላለሁ። ሳልጽፍ፣ ሳልለማመድ። መንገዱን ሁሉ ያልኩትን ለራሴ እየደጋገምኩ መጣሁ። ግቢያችን በር ላይ ስደርስ ግን ልብስ ያጠብንበትን ገንዳ አየሁና ደስታው እዚያው ጥሎኝ ሄደ።

ከጣውላው ማዶ ድምፅ የለም። ትናንት ማፍጠሪያዋ ሲደርስ እንኳ ሳህን ሲንቀሳቀስ አልሰማሁም። ጾሙ የተጀመረበት ቀን ነበር፣ የመጀመሪያው ቀን።

ዛሬ ምሳ ላይ እኔና ታደሰ ብቻ ነበርን። ሳምንታት የተመኘሁት ገበታ ይኸው ነው። "ምን ሆናችሁ?" አለኝ። ሰምቷል፤ ይሄ ከተማ ትንሽ ነው። እንጀራዬን መቁረስ ቀጠልኩ። ቆይቶ "እናቷ ለረመዳን ብርቱካን ልከውላት ነበር፤ እኔ ነኝ ከባቡር አውርጄ ያደረስኩላት" አለ። "ግማሹ የየሺ ነው ብላኝ ነበር። ሰጠችሽ?"

እንጀራዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 15

የነቢያት ጾም ገባ። እነ መርየምም ጾመኞች፣ እኛም ጾመኞች።

ከቅዳሴ በኋላ ወላጆቹ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ግራሩ ሥር ተሰበሰቡ። የሚበዙት የባቡር ሠራተኞች ሚስቶች ናቸው፤ ጥቂት አፋሮችም ዳር ላይ ቆመዋል። አቶ በላቸው አስተዋወቁኝ። ወረቀቴን ዘርግቼ "የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ" አልኩ። ደህና ነበርኩ። የዕውቀት ብርሃን ላይ ስደርስ ቀና አልኩ። አንዷ የልጇን ንፍጥ ትጠርጋለች። ሌላዋ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ጎንበስ ብላ ጥጥ ስትለቅም የሰነበተች ሴት ናት። ቀጠልኩ።

የሐሊማ እናት ዘሀራ ተነሳች። ባሏ ሐዲድ ጠጋኝ ነው፤ መንገድ ላይ ይሰነብታል። "እትዬ የሺ፣ አፉ በይኝ" አለች፤ "የምትይው ሁሉ ጥሩ ነው። እኔ ግን ነገ ጠዋት ምን ላድርግ?"

ወረቀቱ ላይ ለዚህ መልስ የለም። አገላበጥኩት።  ሰው ሁሉ ያየኛል። ወደ መርየም ዞርኩ፤ አዎ፣ ወደ መርየም። ከመምህራኑ ዳር ሻሿን ተከናንባ ተቀምጣለች። አንድ ቃል አውሺኝ ብዬ በዓይኔ ለመንኳት። እሷ መሬት መሬቱን አየች። ምን መብት አለኝ?

"አላውቅም" አልኩ።

ሰው ተንሾካሾከ። አቶ በላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ግን ማወቅ የፈለግሁት ነገር ስለነበረ ጠየቅኋት። "ሐሊማ እዚያ ምን ትሠራለች? ትለቅማለች?"

"የት ትለቅማለች" አለች ዘሀራ። "ካሚዮኑ ጥላ ሥር ወንድሟን ትይዝልኛለች። ጡት ጥሏል፣ ድክ ድክ ይላል። ለማን ልተወው? ለብቻው ልልቀቀው ብል እባብ አለ፣ ቦዩ አለ። የእነዚህም ልጆች እንደሱው ናቸው።" አጠገቧ ያሉት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስት ዓመት እዚህ ስኖር ይህን የጠየቅሁት ሰው የለም። ልጆቹ ለገንዘብ የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር።

"እዚህስ አትይዘውም?" አልኩ።

"እዚህ የት?"

"ክፍል ውስጥ። ይዛው ትምጣ።"

አላሰብኩትም። ከተናገርኩት በኋላ ነው የሰማሁት። ሴቶቹ ተያዩ፤ አንዷ ሳቀች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። "ቢያለቅስስ?" አለች ዘሀራ።

"ትልልቆቹስ መች ዝም ብለው ሰምተውኝ ያውቃሉ" አልኩ። ሳቁ። እኔ ባልኩት ነው የሳቁት።

ከዚያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሁላችንም አንድ ላይ እናወራ ነበር። ምሳቸውን ማን ይቋጥራል፣ የት ይተኛሉ፣ ሲሸኑ ማን ያጥባል። አንድ ሽማግሌ አፋር ከዳር ሆነው የሆነ ነገር ጠየቁ፤ አልገባኝም፣ አንድ ልጅ ተረጎመልኝ። የልጅ ልጃቸውም ይምጣ ወይ ነው የሚሉት። ይምጣ አልኩ። ወረቀቱ ከእጄ የት እንደወደቀ አላየሁም።

ሰው ሲበተን አቶ በላቸው "ማን ፈቀደልሽ?" አሉኝ።

"ማንም" አልኩ።

"ኢንስፔክተሩ ድንገት ቢመጡስ?" የወደቀውን ወረቀቴን መፈለግ ጀመርኩ።  "አንድ ሳምንት እንየው" ብለው ሄዱ።

መርየም ሳታየኝ ሄዳለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

መጡ። ሐሊማ ወንድሟን አዝላ፣ ሌሎቹም እንደዚያው። ክፍሌ ጢም ብሎ ሞላ። ማባዛት ሳስተምር አንዱ ጠመኔ በላ። አንዷ የንባብ መጽሐፍ ላይ ሸናች። አቶ በላቸው በበሩ ሁለት ጊዜ አለፉ፤ ገብተው ግን አልተናገሩም። ሐሊማ ግን የሰባትን ብዜት እስከ መጨረሻው አለችልኝ፣ ወንድሟን እያወዛወዘች።

ረፋዱ ላይ ወንድሟ አለቀሰ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። ዘፈንኩ፣ አጨበጨብኩ፤ ባሰበት። መርየም ከጎን ክፍል መጣች። ሰላም እንኳ አላለችኝም። ልጁን ከእጄ ወሰደችና በማላውቀው ቋንቋ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለችው። ዝም አለ። ትከሻዋ ላይ ራሱን ጣለ። ይዛው ወደ ክፍሏ ሄደች፤ እዚያው ተኝቶ ዋለ።

በዚህም ቀናሁ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ቀናሁ። ከዚያ የሰው ልጅ አቅፋ ስትሄድ ጀርባዋን አየሁና ዓርብ ምን እንዳልኳት ያን ጊዜ ገባኝ። ፊቴን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙሬ ቆየሁ። ልጆቹ "እትዬ፣ ምን እንጻፍ?" ይላሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ውሃ ለመቅዳት ወጥቼ ሰልፉ ላይ ከኋላዋ ደረስኩ። ይቅርታውን ለመጻፍ ሞክሬ ነበር፤ "የተከበርሽ" ብዬ ጀምሬ ራሴን ታዘብኩና ተውኩት።

"መርየም" አልኩ። ዞረች።

"ዓርብ ያልኩት..." ቆምኩ። ጠበቀችኝ። "ሳላውቅ አይደለም ያልኩት። እንዲያምሽ ፈልጌ ነው። ቀንቼብሽ ነበር።" ሴቶቹ ይሰማሉ። ይስሙ።

ባልዲዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "እኔ ላይ? በምን?"

"በአፍሽ። በሁሉ። ቃል አያጥርሽም።"

"ወላሂ፣ ዓርብ አጥሮኛል" አለች።

ተራዋ ደረሰ፤ ቀዳች። ባልዲዋን ስታነሳ "ይቅርታሽን ሰምቻለሁ" አለችኝ። "ልቤ ግን ገና ነው። ምስጢሬን ነው ያወጣሽው፣ የሺ። ጾመኛ ስለሆንኩ ክፉ አልናገርሽም።" ሄደች። ውሃው እየተንጠባጠበ መንገዱ ላይ መስመር ሠራ።

አፉ አላለችኝም። ቢሆንም ዛሬ ራቴን በልቻለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ከትምህርት ቤት ስመለስ ታደሰ ሐዲዱ ማቋረጫ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ኮፍያውን በእጁ ያዞራል፤ እንዲህ ሲጨንቀው አይቼው አላውቅም።

"የሺ፣ አንቺ የመርየም ጎረቤት ነሽ" አለ። "እኔ... ሃይማኖቱም አለ፣ እናቴም አሉ። እንዲያው ባናግራት ምን ትለኝ ይመስልሻል? አንቺ ቀድመሽ ብትነግሪልኝስ?"

ለዚህ ሰው ስንት ነገር ተለማምጃለሁ። ፊቴን ስታጠብ፣ መንገድ ላይ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ። አንዱንም አልነገርኩትም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ዓርብ ዕለት የመጣልኝ ዓይነት ቃል እንደገና ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ትንሽ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፣ በሀዘኔታ መልክ የሚነገር፣ እሱን የሚያስቀር። ዋጥኩት።

"እኔ ስለ መርየም ከእንግዲህ ለማንም አልናገርም" አልኩት። "ራስህ ንገራት።"

"ምን ብዬ?"

"እኔ ምን አውቄ።"

ሳቀ። ሁለት ዓመት አብሬው ስበላ እኔ ያልኩት ሲያስቀው የመጀመሪያው ነው። አመስግኖኝ ወደ ጣቢያው ሄደ። ግመሎች ሐዲዱን ሲሻገሩ እዚያው ቆሜ አሳለፍኳቸው። አለቀስኩ፤ ብዙ ግን አይደለም። አቧራውም ነበር።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ከማዶ የሚጠበስ ዘይት ይሸታል። ትንሽ ቆይቶ በሬ ሥር አንድ ነገር ተቀመጠ፤ እግር ተመለሰ። ስከፍት በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን፣ ትኩስ ሳምቡሳ። ሥጋ ነው፣ ጾሜን ረስታዋለች ብዬ አንዱን ቆረስኩት። ምስር ነው።

በረመዳን ለጎረቤት ሁሉ ይሰጣሉ። ለሁሉም ሰጥታ እንደሆነ ብዬ የቤት አከራዮቻችንን በር ወጥቼ አየሁ። ሳህን የለም። ቀድመው አስገብተውት ሊሆን ይችላል።

በላሁት፣ ሁሉንም። ሳህኑን አጥቤ ጠረጴዛው ላይ ደፍቼዋለሁ። ነገ ስመልስላት ምን እንደምላት አላውቅም። አልጻፍኩም።